የዲጄው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ አበው። እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ቦታው ዳንግላ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የዲጄ ፕሮግራሙን ስነካው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ፈቃድዎ መታደስ አለበትና እባክዎ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ! ኢንተርኔት! በዚያን ሰሞን! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አገር ያወቀው ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ግን ይህን ከየት ይወቅ?

የሙሽራዋ አባት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። “አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ? ሰዉ እኮ ቆሞ ቀረ!” አሉኝ። “ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ” ብዬ ስልኬን ስፒከሩ ላይ ሰካሁና አንድ በአንድ ማጫወት ጀመርኩ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችው ዝምታ ግን የዓመት ያህል ረዘመችብኝ። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን እንዳነሳ ይቀራል፤ ከዚያ ዞሮ እኔን ያያል! የፕሮግራሙን ስም አልጠራም። በሽታው የአንዱ ብቻ አይደለምና።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ በካርዱ በወር በወር እየከፈለልኝ የምሠራበት ፕሮግራም ነበር። ማለትም ሕጋዊ ነበርኩ፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ይሁን እንጂ በገዛ ላፕቶፔ፣ በገዛ ዘፈኖቼ መሥራት የምችለው ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር “ይሁን” ሲለኝ ብቻ ነበር።

ሰሞኑን ከእንጅባራና ከዳንግላ የተሰባሰብን የሙያ ጓደኞች እቁብ ጥለን በጋራ አንድ ሥርዓት ልንገዛ ተስማማን። የትኛውን በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም(!)። አንዱ “ሴራቶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ” አለ። ሌላው ትራክተር አለ (የሚያርሰው ትራክተር የመሰለው ገበሬ ካለ ይቅርታ)። ሦስተኛው ቨርቹዋል ዲጄ፣ አራተኛው ሬኮርድቦክስ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ስክሪኑ ውበት ነበር። ዋናውን ጥያቄ ግን ማንም አላነሳውም፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ድሮ ዲጄ ማለት ሸክላ ተሸካሚ ማለት ነበር። ሆላንድ ውስጥ የተፈለሰፈው ፋይናል ስክራች ይህን ገለበጠው። ሸክላው ላይ የሚቀረጸው ዘፈን ሳይሆን አንድ የሚጮህ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ምልክቱን እየሰማ ሸክላው በምን ፍጥነትና ወደ የት እንደሚዞር ያውቃል፤ በሆዱ ያለውንም ዘፈን በዚያው ልክ ያጫውታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኒውዚላንዱ ሴራቶ ሬን ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ከሬን ሳጥን ጋር ብቻ ነበር። የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስም በትራክተር ተፎካከረ።

ታዲያ ዛሬ ፋይናል ስክራች የት አለ? ታሪክ ሆኗል። ስክራች ላይቭም እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዲሱ ሴራቶ ዲጄ ወንበሩን ለቀቀ። ኤስ ኤል 1 የተባለችውን የሬን ሳጥን አዲሱ ፕሮግራም “አላውቅሽም” አላት። ሳጥኗ አልተሰበረችም፣ አልተቃጠለችም። ባለቤቷ ግን ወይ በአሮጌው ፕሮግራም መቆዘም ወይ ሌላ ሳጥን መግዛት ነበረበት። የሀብታም አገር ዲጄ ሌላ ይገዛል። የእንጅባራው ዲጄስ?

የእኛን ኪስ እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። 150 ዶላር የሚጠይቅ ፕሮግራም ቢኖር ያኔ ወደ 8,550 ብር ይሆናል። በ120 ብር ቢመነዘር ደግሞ 18,000 ብር! ያውም ዶላሩን ካገኘኸው ነው። በፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ገንዘብ ሰርጉን ሞቅ ሞቅ ያደርግልን የነበረበትን ዘመን እያሰብን እንተክዛለን እንጂ፣ ለወርሃዊ ኪራይ የሚሆን ዶላር ከየት ይመጣል?

“ክራኩን ጫንና ተገላገል” የሚል አይጠፋም። አልዋሽም፣ እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ከክራኩ ጋር የመጣው ቫይረስም የስንት ዓመት ዘፈኔን በልቶብኛል። ከዚህ የሚብሰው ግን የኅሊናው ጉዳይ ነው። ካሴቱ እየተቀዳበት ድምፃዊ ሲያለቅስ አብረን “ግፍ ነው” ብለን አልነበረም? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። የዘፋኙን መብት እያወደስን የፕሮግራም ሠሪውን ብንሰርቅ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ነው የሚሆንብን።

ሌላም አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲንክ የሚሉት ቁልፍ አላቸው። ሁለት ዘፈኖችን በራሱ አመጣጥኖ ያጋጥማል፤ ከማሽን ለወጣ ምት ግሩም ነው። የእኛ የጎጃምና የአገው ዘፈን ግን በሕያው ከበሮ የተቀረጸ ነው። ከበሮ መቺው ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲደክመው ይረግባል። ፕሮግራሙ ይህን እንደ አንድ ወጥ ምት ቆጥሮ ሲያጋጥመው ሁለቱ ዘፈኖች እንደ ሰካራም ይጋጫሉ። ስለዚህ የምትገዙት ምንም ይሁን ምን፣ ምቱን በእጅ ማስተካከል መቻሉን በአንድ የአዊኛ ዘፈን ፈትኑት። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የፈረሰኛውን ስሜት የሚያነሳሳው ዘፈን እንጂ የፕሮግራሙ ማስታወቂያ አይደለም።

“ሁሉም ተጠቃልሎ በአንድ ኩባንያ ቢያዝ አንቸገርም ነበር” የሚል ወዳጅ አለኝ። ኧረ ወዳጄ! በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን አጥር ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ባያቋቁም ኖሮ ዛሬ “ወርቃማው ዘመን” እያልን የምንመካበት ሙዚቃ ምን ያህሉ ይደርሰን ነበር? የኒውዚላንድ የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 የፓዮኒር ዲጄ ባለቤት የሆነው አልፋቴታ ሴራቶን እንዳይገዛ የከለከለው ውድድር ይጎዳል ብሎ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቴሌኮሙ እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት እጅ ነበር። ዛሬ ሁለት ናቸው፤ ጥሩ ነው። የማጥፊያው ማብሪያ በአንድ እጅ እስካለ ድረስ ግን የኩባንያ መብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መንግሥት ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚዘጋው ፖለቲከኛው ላይ ብቻ አይደለም። የሙሽራዋ አባት ላይም፣ እኔም ላይ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይኸው። የእቁባችን መነሻ ሚክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሁን። ዋጋ የለውም፣ የፈቃድ ቁልፍ የለውም፣ ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው። ከብዙ ዓይነት መቆጣጠሪያና ከምልክት ሸክላም ጋር ይሠራል። እንደ ሌሎቹ አያብረቀርቅም፤ እውነት ነው። በእቁቡ ገንዘብ ጥሩ መቆጣጠሪያ፣ ትርፍ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲጠፋ የሚያድነን ጄኔሬተር እንግዛበት። ሴራቶ ወይም ቨርቹዋል ዲጄ ካልሆነ የሚል ካለ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ግዢም ይሸጣሉና ኪራዩን ትቶ ይግዛ። ነገ በትልቅ ክለብ መሥራት የሚመኝ ደግሞ ሬኮርድቦክስን ይማር፤ ዘፈኑን በፍላሽ አዘጋጅቶ ያለ ላፕቶፕ በፓዮኒር ማጫወቻ መሥራት ይችላል። የላቀው አገልግሎቱ ግን በኪራይ መሆኑን አይርሳ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፈተና ብቻ አድርጉ። ኢንተርኔቱን ዝጉ፣ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ፕሮግራሙን ክፈቱ። ዘፈን ካወጣ ለጊዜው የእናንተ ነው። ፈቃድ ከጠየቃችሁ ግን እናንተ የእሱ ናችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ቸር ይግጠመን።

(ከዳንግላ)