የጎደለው ሰው ጥፋቱ የማን ነው?

በምሥራቅ ጎጃም፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በቁይ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ቆመን ሳለን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጉዳያቸውን ለማስፈጸም መጡ። «ይቅርታ አባቴ፤ ፋይሉን የያዘችው ልጅ ወልዳለችና ሌላ ቀን ይመለሱ» ተባሉ። ሽማግሌውም «እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ታዲያ በወንበሯ የሚቀመጥ ሰው የለም?» ሲሉ ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን በቢሮው ውስጥ ሐሜቱ ተጀመረ፤ የታማችውም አራሷ ናት እንጂ ወንበሩን ባዶ የተወው አሠሪ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር እኛም ከዚህ ሐሜት ንጹሕ አይደለንም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ ባልደረባችን ታሞ ሲቀር ሥራው በኛ ጠረጴዛ ላይ ተከመረና፣ «ይኸ ሰው መታመሚያውን ጊዜ ያውቅበታል» እስከ ማለት ደርሰን ነበር። ከርሱ ጎን ለወራት ሳይሞላ የቆየ አንድ መደብ መኖሩን ያሰብነው ዘግይተን ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በገጠር ጤና ኬላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ ለሚኖርበት ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች መደበ፤ በገጠርም ሠራተኞቹ ሴቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ወጣት ሴት ታገባለች፤ ትወልዳለች። አንዷ ስትወልድ ክትባቱም፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱም፣ መዝገቡም በሁለተኛዋ ላይ ይወድቃል። ይኸ እንደ በረዶ ድንገት የሚወርድ ነገር ነውን? እርግዝና ከወራት በፊት ይታወቃል። ተተኪ ማዘጋጀትም የጓደኛዋ ሥራ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ የዓመት ፈቃድንም አሠሪው በፕሮግራም እንዲሰጥ ያዝዛል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ቢሆንም የወሊድ ፈቃድ በዚያም አለ። ፈቃዱ መብት ከሆነ በፈቃዱ ጊዜ ሥራውን የሚሸፍን ሰው ማሰብ የአሠሪው ፋንታ ነው።

በርግጥ ጠዋት ፈርሞ ወደ ቡና ቤት የሚወጣ ሠራተኛ አለ፤ ለርሱ ጥብቅና አንቆምም።

ሹሙ ደግሞ «በጀት አልተፈቀደም» ይላል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ የጤና ባለሙያዎች ባሉበት አገር የሚጎድለው ሰው ሳይሆን ደመወዙ ነውና፣ ጥያቄው በጀት ወደሚደለድለው ክፍል መድረስ አለበት። የማይደርስበትም ምክንያት አለ። ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተነጫነጩ የአራት ሰው ሥራ ከጨረሱ፣ የዓመቱ ሪፖርት የሚናገረው ሥራው መሠራቱን ብቻ ነው። በጀት ደልዳዩ ጉድለቱን ከየት ያየዋል?

ስለዚህ እናንተ ወጣት ሹማምንት ሪፖርት ስትጽፉ፣ ያልተሞላውን መደብ ከቆየበት ወራት ቁጥር ጋር ጻፉ፤ በዚህ ምክንያት የዘገየውንም ጉዳይ ጨምሩበት። የቁዩ ሽማግሌ በሚመጣው ገበያ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መመለሳቸው አይቀርም።