«የተማረ ይግደለኝ» ይብቃን!

ወገን፣ ዛሬ ሌላውን ለመውቀስ አልመጣሁም። በራሴ ልጀምር።

የዛሬ ዓመት ገደማ የአካባቢያችንን አስተባባሪ ልንመርጥ ተሰበሰብን። ሁለት ሰው ተጠቆመ። አንደኛው በያጅ ነው። በር ይበይዳል፣ መስኮት ይበይዳል፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ይሠራል። አባቱ ሲሞት ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ እናቱን ይዞ ሦስት ታናናሾቹን ያሳደገ ልጅ ነው። ሁለት ክረምት በተከታታይ ለሰፈሩ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ትምህርት ያስተባበረው እሱ ነው፤ አስተማሪ ለምኖ፣ ክፍል ለምኖ፣ ጠመኔውን በራሱ ብር ገዝቶ። ሰው ሲታመም ገንዘብ የሚሰበስበው እሱ፣ የሰበሰበውንም እስከ ሳንቲሙ ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው እሱ። ሁለተኛው ደግሞ ማስተርስ አለው። ስለሱ ሌላ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

በያጁ ሊናገር ሲነሳ ከኋላ አንዱ «ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ እጁን አየ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

እኔም ስቄያለሁ። እጄንም ያወጣሁት ለባለ ማስተርሱ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ስብሰባ አልተጠራም። ስልክ አይነሳም። ክረምቱ ሲመጣ ማጠናከሪያ ትምህርቱን የሚከፍት ጠፋ፣ ልጆቹም ኳስ ሲያሯሩጡ ከረሙ። «የተማረ ይግደለኝ» ብለን ነበር፤ ያልነውን አገኘን።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። ይሄ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሕዝብ ክፉ ነገር አልተናገረም። ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ ነው። በሬውን ሸጦ ልጁን ከተማ የላከ ገበሬ፣ ጠላ ሸጣ ደብተር የገዛች እናት ነች ለትምህርት ይሄን ያህል ክብር የሰጡት። ጥፋቱ የእኛ ነው። እነሱ ለእውቀት የሰጡትን ክብር እኛ አንስተን ለወረቀት ሰጠነው። ጋዋን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ አይተን «ይሄ ይምራን» አልን። ከስም ፊት «ዶ/ር» የሚል ካየን የሚናገረውን መመርመር አቆምን።

ውጤቱንም እያየነው ነው። ወረቀት ሥልጣን የሚያስገኝ ከሆነ ወረቀት ይሸጣል፣ ይገዛል። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ማጣራት የሚባል ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ የመጣው ለምን ይመስላችኋል? እውነተኛውን ይዘው የወጡትስ? በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተፈተኑት ያለፉት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው ነው'ኮ የተፈተኑት። ፈተናው ባይኖር ኖሮ ሁሉም ያው አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው ይወጡ ነበር። ልጆቹን አልሰድብም፤ ብዙዎቹን ገንዘባቸውን ተቀብሎ ያላስተማራቸው ተቋም ነው የበደላቸው። ግን ልብ በሉ፦ ወረቀቱ ስለሰውየው የሚነግረን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንሂድ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን የማያውቅ የለም። በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ግቢ የገቡ ሰው ናቸው። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ፊደልም አልቆጠሩም ይባላል። እኒህ ሰው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ጦር መሩ። በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ያለ እሳቸው ምክር ከባድ ነገር አይወሰንም ነበር። ሕዝቡ «አባ መላ» እያለ ነው የሚያስታውሳቸው፤ ፍርዳቸውም እስከ ዛሬ ይተረካል። በያኔው ሸንጎ እንደኛ አዳራሽ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» የሚል ቢኖር ኖሮ አገር ስንት መላ ባጣች!

ቆይ ግን። እዚህ ላይ የምታጨበጭበው ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ። «ድሮስ ትምህርት ምን ያደርጋል፣ አባ መላም አልተማሩም» ልትል ነው አይደል? እሱንማ አልልህም።

አባ መላ ተምረዋል። ትምህርት ቤታቸው ችሎቱ፣ ግቢው፣ የጦር ሜዳው ነበር። ሲከራከሩ እየሰሙ፣ ሲፈረድ እያዩ፣ ሲሳሳቱ እየታረሙ ዕድሜ ልካቸውን ተማሩ። አንተ ስልክህ ላይ ስትውል የትኛው ችሎት ላይ ቆመሃል? አፄ ምኒልክም ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ግን ከአድዋ ድል 12 ዓመት ገደማ በኋላ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ አስተማሪ ከግብፅ አስመጡ። ያልተማረ ታላቅ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው። ባለመማሩ አይኮራም። ያጣውን ነገር ዋጋ ስለሚያውቅ ለሌላው ይከፍታል።

ደግሞም የዛሬ አገር የትናንቱ አይደለም። በጀት አለ፣ ብድር አለ፣ ውል አለ፣ አንቀጽ አለ። አንብቦ የማይገባው መሪ አንብቦ በሚነግረው ሰው ይመራል፤ ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ እኔና አንተ አናውቅም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አውሮፓ ተምሮ ተመለሰ። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ላይ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን ደሃ ሆኖ እንደሚቀር አስረዳን። ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ቡናችንን ሳንቆላ እየሸጥን የምንከራከረው እሱ በጻፈው ጉዳይ ላይ ነው። ይሄን በወኔ ብቻ ማየት አይቻልም። መማር ይጠይቃል።

ስለዚህ ጥያቄው «ትምህርት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» አይደለም። ያስፈልጋል፣ አለቀ። ጥያቄው ወረቀት የመምራት ፈቃድ ይሆናል ወይ ነው።

ይሄን ደግሞ በደም ተምረነዋል። የ1960ዎቹ ትውልድ የዚች አገር እጅግ የተማረ ትውልድ ነበር። ኢሕአፓንና መኢሶንን የመሩት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ የተማሩ ብሩህ ልጆች ናቸው። ያነበቡት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ብዙዎቹ አብረው ተሰልፈዋል። ግን ተቀምጦ መነጋገር አቃታቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን ጎዳና ላይ የወጣት ሬሳ ሲጣል እነዚህ የተማሩ ሰዎች በሁለት ጎራ ቆመው ይወነጃጀሉ፣ ይገዳደሉ ነበር። በመጨረሻ ከሆለታ የወጣው መኮንን አንዱን በሌላው መታና ሁለቱንም በላቸው። ያኔ «የተማረ ይግደለኝ» አባባል መሆኑ ቀረ። በዲግሪ ብዛት አልዳንም፤ በዲግሪ እጦትም አልዳንም። የጠፋው ሌላ ነገር ነበር፦ መስማት፣ መታገሥ፣ ተሳስቻለሁ ማለት። ይሄን ደግሞ የሚመርቅበት ዩኒቨርሲቲ የለም።

«እንግዲያው ሕግ ይውጣ፣ ዲግሪ የሌለው አይወዳደር» የሚሉም አሉ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ ሲናገር ዲግሪ አይጠይቅም፤ ልክም ነው። የተቃራኒውን የሞከረች አገር አለች፤ ፓኪስታን። እ.ኤ.አ. በ2002 የጄኔራል ሙሻራፍ መንግሥት «የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ለምክር ቤት አይወዳደርም» አለ። አብዛኛው ገበሬና ሠራተኛ በአንድ ወረቀት ከመመረጥ ተከለከለ። ሕጉ የተማረ ፓርላማ አመጣ? የለም! በ2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። በ2010 ማስረጃ ሲጣራ ደግሞ የሐሰት ዲግሪ የያዙ የምክር ቤት አባላት ተገኙ። አንድ የክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር ጭራሽ «ዲግሪ ዲግሪ ነው፣ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ» ብሎ አረፈው። ሐቀኛው ያልተማረ ሰው ውጭ ቀረ፤ ውሸታሙ ያልተማረ ሰው ገባ። ሕጉ የለየው ይሄንን ነው።

በሌላ በኩል ብራዚልን እዩ። ሉላ ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸንፎ በአራተኛው አሸነፈ። የተመራጭነት ሰርተፍኬቱን ሲቀበል በሕይወቱ ያገኘው የመጀመሪያ ዲፕሎማ ያ እንደሆነ ተናግሮ አለቀሰ። ከዚያ የተማሩ ባለሙያዎችን አሰባስቦ አሠራ፣ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችም ከፈተ። ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ዲግሪ ቢጠየቅ ኖሮ በሩ ላይ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር እንለይ። ሐኪም ያለ ፈቃድ አይከመኝ፣ መሐንዲስ ያለ ዲግሪ ድልድይ አይሥራልኝ። እነዚህ ሥራዎች ላይ ባለሙያው ሲያጠፋ እኔ የማውቀው ከወደቀ፣ ከሞተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልገኛል። መሪን ግን ሰፈር ውስጥ አብሬው ኖሬ አይቼዋለሁ። ገንዘብ ሲይዝ አይቼዋለሁ፣ ሲናደድ አይቼዋለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ያላየሁትን ዩኒቨርሲቲ ለምን ልመን?

አሁን ደግሞ ስለራሳችሁ ኑሮ፤ ይሄ ጉዳይ የሥልጣን ብቻ አይደለምና።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያልመጣልህ ወንድሜ፣ ያልመጣልሽ እህቴ። ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ይሄ ያንተ ብቻ ውድቀት ነው ብሎ የሚነግርህ ሰው ይዋሻል። ግን ደግሞ «በቃ እኔ አልረባም» ብለህ ከቤት ብትውል ውሸቱን እውነት ታደርግለታለህ። ሙያ ያዝ። እጅህ ይልመድ። መጽሐፍ ግን አትጣል።

ዲግሪ ይዘህ ሥራ ያጣኸውም ስማኝ። ዲግሪህ ዕዳ አይደለም፣ ዘውድም አይደለም። «እኔ ተመርቄ እንዴት ይሄን እሠራለሁ?» የምትለዋ ነገር ናት ሦስት ዓመት ከአባትህ ቤት ያስቀመጠችህ። ያነበብከው ነገር ጋራዥ ውስጥም፣ ሱቅ ውስጥም፣ እርሻ ላይም ይሠራል፤ ካነበብከው።

ከእንግዲህ ማንም «ልምራችሁ» ብሎ ሲነሳ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አንበል። አራት ነገር እንጠይቅ፦

1ኛ. እስካሁን ምን ሠራህ? በአፍህ ሳይሆን በሰው ምስክርነት።

2ኛ. ገንዘብ ይዘህ ታውቃለህ? ሂሳቡን የት እንየው?

3ኛ. የማታውቀውን ነገር ማንን ትጠይቃለህ? ስም ጥራ። «ሁሉንም አውቃለሁ» ካለ እዚያው አሰናብቱት፤ ባለ ዶክትሬትም ይሁን ማይም።

4ኛ. ተሳስተህ ታውቃለህ? ያን ጊዜ ለሕዝብ ምን አልክ?

ባለ ማስተርስ እነዚህን ከመለሰ ደስ ብሎን እንመርጠዋለን፤ እውቀቱ ምርቃት ነው። በያጅ ከመለሰም እንመርጠዋለን። ሁለቱም ካልመለሱ ሁለቱም ይቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ወደ በያጁ ሱቅ ሄጄ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው። ነገሩን ስጀምርለት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ። «ተወው ባክህ፣ እሱን ረስቼዋለሁ» አለኝ። የማታ ትምህርት ተመዝግቧል። «ለሹመት ነው እንዴ?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። «ታናሼ ሒሳብ ሲጠይቀኝ አፍሬ ነው» አለ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰና «ይልቅ ለሚመጣው ክረምት ክፍል ካሁኑ እንለምን፣ ኋላ ይይዙብናል» አለኝ።

እኔ እጄን ያላወጣሁለት ሰው ይሄ ነው።

ወጣቱ ሆይ፣ ተማር! ወረቀት ለማግኘት ሳይሆን ላለመታለል ተማር። መሪህንም በወረቀቱ ሳይሆን በሥራው ምረጥ። የተማረ አይግደለን፣ ያልተማረም አይግደለን። የሚሠራ፣ የሚሰማ፣ ሂሳቡን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ይምራን!