የመጨረሻው ቡድን የመጀመሪያ ምርጫ፦ የዲትሮይትና የኒው ዮርክ ጀማሪዎች ምን አሳዩ?

ዕለቱ እሑድ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2021 ነበር። ዲትሮይት ላየንስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በዚያ የውድድር ዘመን 11 ጨዋታዎችን አድርጎ 10ሩን ተሸንፏል፤ በአንዱ አቻ ወጥቷል። አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጋር ባደረገው 12ኛ ጨዋታም 27 ለ23 እየተመራ 4 ሴኮንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። በዚያች ቅጽበት የተወረወረችውን ኳስ በተጋጣሚው መስመር ውስጥ የያዘው፣ ከኮሌጅ በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ የነበረ የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ አሞን-ራ ሴንት ብራውን። ጨዋታው 29 ለ27 ተጠናቀቀ። በሜዳው የታደመው ሕዝብ ዋንጫ እንደተቀዳጀ ሰው ጨፈረ።

ቡድኑ ያንን ዘመን የጨረሰው 3 ጊዜ አሸንፎ፣ 13 ጊዜ ተሸንፎና 1 ጊዜ አቻ ወጥቶ ነው። ለተመልካች ይህ የውድቀት መዝገብ እንጂ የተስፋ ምልክት አይመስልም። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024፣ ያው ቡድን ሎስ አንጀለስ ራምስን 24 ለ23 ረትቶ ከ32 ዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ድል አግኝቷል። በሁለቱ ቀናት መካከል የተከናወነው ነገር፣ በተሸናፊ ቡድን ውስጥ የሚታዩ ጥቂት ተስፈኛ ጀማሪዎች ምን ያህል እምነት ሊጣልባቸው እንደሚገባ ለመመዘን ጥሩ ማሳያ ነው። ተመሳሳይ ተስፋ ይዞ የተነሣው የኒው ዮርክ ጄትስ ቡድን ደግሞ የተቃራኒውን መንገድ ያሳያል።

የአሜሪካ እግር ኳስ በአገራችን ከሚታወቀው የእግር ኳስ ጨዋታ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ኤን ኤፍ ኤል በሚባለው ትልቁ ሊግ 32 ቡድኖች ይወዳደራሉ።

ልዩነቱ ግን በኳሱ ቅርጽ አያበቃም። በኢትዮጵያም ሆነ በእንግሊዝ ሊግ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በአሜሪካው ሊግ መውረድ የለም። እንዲያውም መጨረሻ የወጣው ቡድን ከኮሌጅ የሚመጡትን አዳዲስ ተጫዋቾች ከሁሉ ቀድሞ ይመርጣል። ይህ ድራፍት የተባለው ሥርዐት በ1936 ተጀምሮ ዛሬ በየዓመቱ በኤፕሪል ወር በ7 ዙር ይካሄዳል። ዓላማው ደካማው እንዲያገግም፣ ብርቱውም ለዘለዓለም ብርቱ ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ ነው። በድራፍት ታሪክ በመጀመሪያ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ግን በዚያ ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ መቅረቱ፣ ምርጫና ፍሬ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ገና ከጅምሩ የጠቆመ ይመስላል።

ከምርጫው በፊት ወጣቶቹ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተሰብስበው ይፈተሻሉ። ሩጫቸው በሰዓት ይለካል፤ ዝላያቸው፣ ቁመታቸው፣ የእጃቸው ስፋት ሳይቀር ይመዘገባል። ነገሩ ዘር ለገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት የሚደረገውን የብቅለት ፍተሻ ያስታውሳል። ከመቶው ፍሬ ስንቱ እንደሚበቅል በተቆጣጠሩት ሙቀትና እርጥበት ማወቅ ይቻላል፤ በኮትቻ መሬት ላይ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ምን እንደሚሆን ግን ፍተሻው አይናገርም። ምርጥ ዘር በውኃ በተኛ ማሳ ላይ ቢዘራ ይበሰብሳል።

ዲትሮይት ይህንን ለረጅም ዘመን በራሱ ላይ አይቶታል። ቡድኑ ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት በመጀመሪያው ዙር ኳስ ተቀባይ መረጠ፤ በ2007 ደግሞ አራተኛውን ጨመረ። የመጨረሻው ካልቪን ጆንሰን ሲሆን፣ በእርግጥም በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ተጫዋች ሆነ። ነገር ግን በ2008 ዲትሮይት 16 ጨዋታ አድርጎ 16ቱንም ሲሸነፍ ካልቪን ጆንሰን በሜዳ ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ከሁሉ ቀድሞ ኳርተርባኩን ማቲው ስታፎርድን መረጠ። ስታፎርድ በዲትሮይት 12 የውድድር ዘመናት ተጫውቶ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሳያሸንፍ ወጣ። ስለዚህ የቡድኑ ችግር የተሰጥዖ እጥረት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ከተማዋም በዚያው ዘመን ክፉኛ ተጎድታ ነበር፤ የመኪና ፋብሪካዎቿ ተዳክመው፣ የከተማ አስተዳደሩ በ2013 መክሰሩን በፍርድ ቤት አስታውቋል።

ለውጡ የጀመረው በጃንዋሪ 2021 ነው። ብራድ ሆምስ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ዳን ካምቤል ደግሞ ዋና አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ። ካምቤል በመጀመሪያው መግለጫው፣ ቡድኑ ተመትቶ ሲወድቅ እንኳ እየተነሣ የመታውን ሰው ጉልበት እንደሚነክስ ተናግሮ የብዙዎች መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ካከናወኗቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ስታፎርድን ለሎስ አንጀለስ ራምስ መስጠት ነው። በምትኩ ኳርተርባኩን ጃሬድ ጎፍን፣ ለ2022 እና ለ2023 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን፣ ለ2021 ደግሞ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ተቀበሉ።

ራምስ ያደረገው የዘር እህሉን ሸጦ በሬ እንደመግዛት ነው፤ በሬውም በዚያው ዓመት አርሶለታል። ስታፎርድ በመጀመሪያ ዓመቱ ከራምስ ጋር የሱፐር ቦውልን ዋንጫ አነሣ። ዘር መሸጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው የሚል ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል። ዲትሮይት ግን ለመዝራት ወሰነ።

በ2021 ድራፍት በ7ኛ ተራ የተመረጠው በአሜሪካ ሳሞአ የተወለደው ፔኔይ ሲውል ነው። የሲውል ሥራ ኳስ መያዝ ሳይሆን ተቃራኒውን እየገፉ ለኳርተርባኩና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው፤ ብዙ ተመልካች አያስተውለውም። ሴንት ብራውን የተመረጠው ደግሞ በ4ኛው ዙር፣ በ112ኛ ተራ ነው። ከእርሱ በፊት 16 ኳስ ተቀባዮች ተመርጠዋል፤ የእነዚያን 16 ሰዎች ስም በቃሉ መያዙ በስፖርቱ ዓለም የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 90 ኳሶችን ተቀብሎ 912 ያርድ አስመዘገበ። ሌላ ብርቱ ቡድን ቢያገኘው ኖሮ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሊከርም ይችል ነበር። ዲትሮይት ውስጥ ግን የሚቀድመው ብዙ ሰው አልነበረምና ተጫወተ፤ እየተሸነፈም ተማረ። የደካማ ቡድን አንዱ ሀብት ይህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የተመረጠው የሚሺጋን ልጅ ኤይደን ሃቺንሰን ነበር፤ በ2ኛ ተራ። ተስፋው በረታ፤ ውጤቱ ግን አልተከተለም። በ2022 ቡድኑ ከ6 ጨዋታ 5ቱን ተሸነፈ። የዚህ ታሪክ ወሳኝ ሰዓት ከሜዳ ውጭ የነበረው ይህ ይመስላል። በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ቡድን እንዲህ ሲሆን የሚወሰደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ አሠልጣኙ ይባረራል። የቡድኑ ባለቤት ሺላ ፎርድ ሃምፕ ግን ጋዜጠኞችን ጠርተው በአሠልጣኙና በሥራ አስኪያጁ ላይ ያላቸው እምነት እንዳልተናወጠ አስታወቁ፤ ደጋፊውንም ትዕግሥት ጠየቁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቡድኑ እንደገና ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ከቀሩት 10 ጨዋታዎች 8ቱን አሸንፎ 9 ለ8 በሆነ ውጤት ዘመኑን ፈጸመ።

ለስታፎርድ የተገኘው ዘርም እየተባዛ ሄደ። የ2022ቱ ምርጫ ከሌሎች ምርጫዎች ጋር ተደምሮ ፈጣኑን ኳስ ተቀባይ ጄምሰን ዊሊያምስን አመጣ። የ2023ቱ 6ኛ ተራ ምርጫ ለአሪዞና ተላልፎ በምትኩ 12ኛና 34ኛ ተራ ተገኙ፤ በ12ኛው ሯጩ ጃሚር ጊብስ፣ በ34ኛው ሳም ላፖርታ ተመረጡ። ሯጭን በመጀመሪያው ዙር መምረጥ ብክነት ነው ያሉ ተንታኞች በወቅቱ ብዙ ነበሩ። ላፖርታ በመጀመሪያ ዓመቱ 86 ኳስ ተቀብሎ በእርሱ ቦታ ለሚጫወቱ ጀማሪዎች አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ጊብስ በ2024 በአንድ የውድድር ዘመን 20 ጊዜ ነጥብ አስቆጠረ። ዲትሮይት በ2023 ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ብቻ እስኪቀረው ደረሰ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ላይ እስከ ዕረፍት 24 ለ7 መርቶ 34 ለ31 ተሸነፈ። በኤፕሪል 2024 ድራፍቱ ራሱ በዲትሮይት ከተማ ሲካሄድ ከ775 ሺህ በላይ ሰው በሦስት ቀናት ታድሟል። ኳስ ያልተጫወተበት፣ ስም ብቻ የተጠራበት ጉባኤ ነው።

የኒው ዮርክ ጄትስ ታሪክ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ያስገርማል። ጄትስ በ2021 ከ17 ጨዋታ 13ቱን ተሸንፎ በ2022 ድራፍት ተከላካዩን ሶስ ጋርድነርን በ4ኛ፣ ኳስ ተቀባዩን ጋሬት ዊልሰንን በ10ኛ፣ ጀርሜይን ጆንሰንን በ26ኛ፣ ሯጩን ብሪስ ሆልን በ36ኛ ተራ መረጠ። በዓመቱ መጨረሻ ጋርድነር የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተከላካይ፣ ዊልሰን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባሉ። ዲትሮይት እንኳ ከ2021 ወዲህ በአንድ ዓመት ሁለቱን ሽልማት አልወሰደም። በዘር ጥራት ብቻ ቢመዘን የጄትስ የተሻለ ነበር።

ቡድኑ በዚያው ዘመን ከ11 ጨዋታ 7ቱን አሸንፎ ከተመራ በኋላ የቀሩትን 6 በተከታታይ ተሸነፈ። በዚያ አንድ ዓመት 3 የተለያዩ ኳርተርባኮች ጨዋታ ጀምረዋል። ጋሬት ዊልሰን 1,103 ያርድ ያስመዘገበው ኳሱን ማን እንደሚወረውርለት በየጊዜው እየተለዋወጠበት ነው። በ2023 ቡድኑ ለመጠበቅ ሳይፈቅድ የ39 ዓመቱን ዝነኛ ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስን አስመጣ፤ ሮጀርስ በመጀመሪያው ጨዋታ በ4ኛው እንቅስቃሴ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። በ2024 ከ5 ጨዋታ በኋላ ዋና አሠልጣኙ፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ እነዚያን ወጣቶች የመረጠው ሥራ አስኪያጅ ተሰናበቱ። በዲትሮይት ግን ከ2021 ጀምሮ አሠልጣኙ፣ ሥራ አስኪያጁና ዋናው ኳርተርባክ አልተለወጡም።

ነገሩ ፈጽሞ ጊዜ የሚጠይቅ ብቻ ነው ማለትም አይደለም። የሂዩስተን ቴክሳንስ ቡድን በ2022 3 ጊዜ ብቻ አሸንፎ፣ በ2023 ኳርተርባኩን ሲ.ጄ. ስትራውድን በ2ኛ፣ ዊል አንደርሰንን በ3ኛ ተራ መርጦ በዚያው ዓመት ምድቡን በአንደኝነት ጨርሷል። ግን ሂዩስተን ያገኘው ከሁሉ የሚከብደውን፣ ኳርተርባኩን ነው። እንዲህ ያለው ዓመት ደግሞ ደጋግሞ አይመጣም።

ተስፋው የጊዜ ገደብ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዐት መሠረት የጀማሪ ተጫዋች ደመወዝ በተመረጠበት ተራ የተወሰነ ሲሆን ውሉ 4 ዓመት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለደመወዝ የሚያወጣው ገንዘብም ጣሪያ አለው፤ በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ጎበዝ ጀማሪ ለጥቂት ዓመታት በርካሽ ይሠራል፤ በዚያች ጊዜ ቡድኑ የተረፈውን ገንዘብ በሌሎች ላይ ያውላል። በኤፕሪል 2024 ዲትሮይት ለሴንት ብራውን ወደ 120 ሚሊዮን፣ ለሲውል 112 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ የ4 ዓመት ውሎችን ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ እንደ ቀድሞው በርካሽ ዘር የሚያርስ አይደለም። በ2024 ከ17 ጨዋታ 15ቱን አሸንፎ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታው በሜዳው ተሸነፈ፤ በ2025 ደግሞ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆነ።

ጄትስ በ2025 መጀመሪያ የዲትሮይትን የመከላከል አሠልጣኝ አሮን ግለንን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። የተሳካለትን ማሳ አርሶ ያሳየ ገበሬ ወደ ሌላ ማሳ እንደመውሰድ ነው። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 7 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በኖቬምበር 2025 የ2022ቱ ተስፋ ፊት የነበረው ሶስ ጋርድነር ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ተሰጠ፤ በዚያው ቀን ሌላው ተከላካይ ኩዊነን ዊሊያምስ ወደ ዳላስ ሄደ። በምትካቸው በተገኙት ምርጫዎችና በራሱ ድርሻ ጄትስ በ2026 እና በ2027 ድራፍቶች በመጀመሪያው ዙር 5 ጊዜ የመምረጥ መብት ይዞ ቀረ። ዲትሮይት በ2021 ሲጀምር በእጁ የነበረው ከዚህ ያነሰ ነው።