የጥንቸል ግልገል ጡት የሚጥልበት ጊዜ በቀን ቁጥር ብቻ አይወሰን

ኦሎምፒያን በመሰሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ላም ለማርባት የማይበቃ ግቢ ጥቂት ጥንቸሎችን ሊይዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሥጋውን ስለማይበሉ ገበያው ጠባብ ነው። ለአርቢው ግን ከገበያው የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ግልገሎቹ ከእናታቸው መቼ ይለዩ? የተለመደው መልስ ከ28 እስከ 35 ቀን ነው። ይህ መልስ ዕድሜን እንጂ የአንጀትን ዝግጁነት አይመለከትም።

ጥንቸል ግልገሎቿን በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ታጠባለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የግልገሉ ትንሽ አንጀት ለወተት የተዘጋጀ ነው፤ ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይበዛበታል፣ ሱክሬዝና ማልቴዝ ያንሱታል። ግልገሉ በ18ኛው እስከ 20ኛው ቀን ገደማ ደረቅ መኖ መቅመስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ላክቴዝ እየቀነሰ፣ ስታርች የሚፈጩት ኢንዛይሞች እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ ዕውር አንጀትም ይሰፋል። የጨጓራው አሲድም የሚበረታው ቀስ በቀስ ነው። ይህ ሽግግር ሳያልቅ ወተት ከተቋረጠ፣ ያልተፈጨው ስታርች ወደ ዕውር አንጀት አልፎ ጎጂ ተሕዋስያንን ሊያራባና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል።

ቀድሞ መለየትን የሚደግፉ ወገኖች እናቲቱ ለቀጣዩ ወሊድ ቶሎ እንደምትደርስና ከእርሷ የሚተላለፍ በሽታ እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ሆኖም በተቅማጥ የሚሞቱ ግልገሎች የተገኘውን ትርፍ ይበሉታል።

ክርክሩን የሚፈታው በአግባቡ የተነደፈ ጥናት ነው። የሚጠባ የ21 ቀን ግልገልን ጡት ከጣለ የ35 ቀን ግልገል ጋር ማነጻጸር የዕድሜንና የመኖን ውጤት ያደባልቃል። የአንድ እናት ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ እየጠቡ ገሚሶቹ ተለይተው፣ በአንድ ቀን ሊመረመሩ ይገባል። ናሙናው ከየትኛው የአንጀት ክፍል እንደተወሰደም ይገለጽ፤ የሰውነት ክብደት ብቻውን የአንጀትን ሁኔታ አያሳይምና።

ውጤቱን ለጥጃ ማዋልም ጥንቃቄ ይሻል። ግልገል ጥንቸል ፀረ እንግዳ አካላትን በአመዛኙ ከመወለዱ በፊት ሲያገኝ፣ ጥጃ ግን የሚያገኛቸው ከእንገር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ እንስሳ ጡት መጣያ ጊዜ በራሱ አንጀት ላይ በተደረገ ጥናት ሊወሰን ይገባል።