የመጫወቻው ባቡር መብራትና የኦም ሕግ

በፕላስቲክ ጡቦቹ የታወቀው የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄዱ መጫወቻ ባቡሮችን ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ባለ 9 ቮልት ባቡር ግን ለፊዚክስ ተማሪ የተለየ ትርጉም አለው። ይህ ባቡር ባትሪ አይሸከምም፤ ኃይሉን በብረት ከተለበጡት ሁለት ሐዲዶች ይወስዳል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኩባንያው ይህን ሐዲድ ማምረት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ባቡሩ በአፍቃሪዎቹ እጅ ዛሬም ይሠራል።

ለዚህ ባቡር መብራት ማስገባት የሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ የተዘጋጀውን መግዛት ወይም ራሱ መሥራት። የተዘጋጀው ጊዜ ይቆጥባል፣ አያቃጥልም፣ ሽቦም አያስቆርጥም የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ሆኖም በእኔ እምነት ተማሪ የሆነ ሰው መብራቱን ራሱ ሊሠራው ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የኦም ሕግን በፈተና ላይ ሳይሳሳት ከጻፈ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ያለ ሬዚስተር አገናኝቶ በቅጽበት አቃጥሎታል። ቀመሩን ማወቅና ቀመሩ መቼ እንደሚያስፈልግ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተማረው ያ የተቃጠለ ዳዮድ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሐዲዱ 9 ቮልት ሲሰጥ ነጭ ዳዮድ 3 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ቀሪው 6 ቮልት በሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል። ኮረንቲው ከ20 ሚሊአምፔር እንዳያልፍ 6ን ለ0.02 ብናካፍል 300 ኦም እናገኛለን። ቀይ ዳዮድ ግን 2 ቮልት ያህል ብቻ ስለሚወስድ 350 ኦም ይጠይቃል። በመሆኑም በገበያ የሚገኘው ባለ 390 ኦም ሬዚስተር ለሁለቱም ይበቃል።

ዋናው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጩንና ቀዩን ዳዮድ ጎን ለጎን፣ ነገር ግን አንዱን በሌላው ተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝተን በአንድ ሬዚስተር በኩል ኃይል እንስጣቸው። ባቡሩ ወደ ፊት ሲሄድ በግንባሩ ላይ ነጩ ይበራል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ግንባሩ ጅራት ስለሚሆን ቀዩ ይበራል። ከዚህም በላይ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ዳዮዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ከ5 ቮልት በላይ እንዲሸከሙ አይመከርም፤ የበራው ዳዮድ ግን በጠፋው ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ በ2 ወይም በ3 ይገድበዋል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ባቡሩ ሲያዘግም መብራቱ ይደበዝዛል፤ ጣቢያ ላይ ሲቆም ጨርሶ ይጠፋል። በሐዲዱ ላይ ቮልቴጅ የለምና። አራት ዳዮዶችን በድልድይ መልክ ገጥሞ ካፓሲተር የጨመረ ተማሪ መብራቱን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ነገር ግን ድልድዩ ኮረንቲውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያሳልፍ፣ መብራቱ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ መናገሩን ያቆማል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የምህንድስና የዘወትር ጥያቄ ነው። የተገዛ መብራት ይህን ጥያቄ አያስነሳም፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ መልሶታልና።

ባቡሩ የሌለው ተማሪም ከዚህ ትምህርት አይጎድልበትም። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ዳዮድና አንድ ሬዚስተር ይበቁታል። የግድግዳውን ሶኬት ግን ፈጽሞ አይንካ። ባትሪውን ገልብጦ ነጩ ጠፍቶ ቀዩ ሲበራ ያየ ተማሪ፣ በደብተሩ ላይ ለዓመታት የሳለው የኮረንቲ ቀስት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።