መዝገቡ ይሻገር፣ ሰው ግን ወዲያ ማዶ አይቅር!



ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚነሣው ክርክር አንድ ነው። የእድራችንና የማኅበራችን መዝገብ ከደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ፕሮግራም ይግባ ወይስ አይግባ? ከገባስ መቼና እንዴት? ነገሩ የወጣትና የሽማግሌ ጠብ እየመሰለ ስለ መጣ፣ አቋማችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልን። እኛ መዝገቡ ወደ አዲሱ ፕሮግራም መግባቱን አንቃወምም። ደብተራችን አርጅቷል። የቆላ ምስጥ ጠርዙን በልቶታል፤ ዝናብና ላብ ቀለሙን አደብዝዞታል። የወር መዋጮ የከፈለውን ካልከፈለው ለመለየት ጸሐፊው ገጽ ሲገልጥ ግማሽ ቀን ይውላል። ይህን በደቂቃ የሚሠራ መሣሪያ እያለ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው። «አባቶቻችን በደብተር ነው የኖሩት፣ አትንኩት» የሚሉ ወገኖች ተሳስተዋል። አባቶቻችንም ቢሆኑ በቃል ይያዝ የነበረውን ወደ ጽሑፍ ያሻገሩ ሰዎች ናቸው።

የባሰው ስሕተት ግን በወዲያኛው በኩል ያለው ነው። «ቅዳሜ ተቀምጠን ስሙን ሁሉ እንጻፍ፣ እሑድ አዲሱን እንክፈት፣ ሰኞ ደብተሩን እናቃጥል» የሚለው። ይህን ነው አጥብቀን የምንቃወመው።

ለምን ቢባል፣ እድር ማለት ምን እንደ ሆነ እናውቃለንና ነው። ሞት ሲመጣ ጥሩምባ የሚነፋልን፣ ድንኳን የሚተክልልን፣ መቃብር የሚቆፍርልን፣ ኀዘንተኛውን የሚያበላልን እድር ነው። ቀብሩ በቤተ ክርስቲያንም ይሁን በሙስሊም መቃብር፣ ሰው የሚደርሰው በመዝገብ ላይ ስምህ ስላለ ነው። ሃያ ዓመት መዋጮ ከፍሎ ስሙ በሽግግር ላይ የወደቀ ሰው በዚያ ቀን ወደ ማን ይጮኻል? ሌላ ስሕተት በማግሥቱ ይታረማል። የቀብር ቀን ግን ማግሥት የለውም።

ችኩሎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። «ለውጥ በአንድ ሌሊት ካልሆነ አይሆንም፤ ሁለት መዝገብ ይዞ መሄድ ግራ መጋባት ነው» ይላሉ። እርግጥ በአንድ ሌሊት ካልሆነ የማይሆን ለውጥ አለ። አገራችን በ1956 ዓ.ም. መኪና በግራ መንዳቱን ትታ ወደ ቀኝ ስትዞር፣ ግማሹ ሾፌር ዛሬ ግማሹ በሚመጣው ወር ይዙር ማለት አይቻልም ነበር። መጋጨት ነዋ! ሱዳን በበኩሏ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ስለ ነበር፣ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ከመተማ ወደ ገላባት የሚሻገር ሾፌር ድንበሩ ላይ ጎኑን መለወጥ ነበረበት። መንገድ እንዲህ ነው። መዝገብ ግን መንገድ አይደለም። ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ቢሄድ ማንም አይጋጭም። እንዲያውም ሁለቱ አልስማማ ሲሉ ነው ስሕተቱ የሚገኘው። በአሮጌው አምስት መቶ አባል፣ በአዲሱ አራት መቶ ዘጠና አራት ቢሆን፣ ስድስቱን ሰው የምናገኛቸው ደብተሩ በእጃችን ስላለ ነው። ደብተሩ ከተቃጠለ ግን አዲሱ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል። የሚከራከረው የለማ!

መንግሥት እንኳ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለውጥ የሦስት ወር ጊዜ ሰጥቷል። አዲሱ ገበያ ላይ እየወጣ አሮጌው ለጊዜው ይሠራ ነበር። የሰሊጥና የጥጥ ነጋዴዎቻችን ያን ጊዜ ያስታውሱታል። የእኛ ችኩሎች ግን ሦስት ቀን እንኳ መስጠት አልፈለጉም።

«ባለሙያ ከያዘው ምንም አይሆንም» የሚልም አለ። ባለሙያ እናከብራለን። ይሁን እንጂ መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማን ይረሳዋል? የአገሪቱ ትልቁ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሲስተሙን ለማስተካከል ከተሠራ ሥራ ጋር በተያያዘ ችግር ተፈጥሮበት፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው በሒሳቡ ከሌለው በላይ ገንዘብ አወጣ። ባንኩ የተወሰደውን መከታተልና ማስመለስ የቻለው ግን ማን መቼ ስንት እንዳወጣ የሚናገር መዝገብ ስለ ነበረው ነው። ባለሙያ ሞልቶ ለተረፈው ለዚያ ትልቅ ተቋም ያልቀረ ነገር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ስልክ ላለው እድር ይቀራል ማለት ራስን ማታለል ነው። የእኛ መመለሻ ደግሞ ያው ደብተሩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። ስም የሚወድቀው የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ በፊደል ላይ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሯችን አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድም እንደዚሁ። ፀሐይ ተብላ የተመዘገበችውን ጸሀይ ብሎ የሚፈልጋት «የለችም» የሚል መልስ ያገኛል። የደብተሩ ጸሐፊ ዓይኑ ስለለመደ ያልፈዋል፤ ፕሮግራሙ ግን እንዲያልፈው ካልተነገረው አያልፈውም። ሽግግር ፊደል እንደሚያጠፋ የምናውቀው ዛሬ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። በወረቀት ታትሞ የተቀመጠው ግን ዛሬም ይነበባል።

ሁለተኛ፣ በዘመን አቆጣጠር ላይ። ብዙው ፕሮግራም የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወሩ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ታዲያ ጳጉሜን 3 የተወለደውን ልጅ የት ያስገቡታል? በእኛ 1970 የተወለደውንም ሳያሰሉ «1970» ብለው ቢጽፉበት በሰባትና በስምንት ዓመት አስረጅተውታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በስልክ ቁጥር ላይ። «አባል የሚታወቀው በስልኩ ነው» የሚል ፕሮግራም ብዙ ነው። ስልክ የሌላት እናት አባል አይደለችም እንዴ? በአንድ ስልክ አራት ሰው የሚጠቀምበት ቤት በሰፈራችን ስንት ነው? በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከወዲያ የተመለሰ ወንድማችን፣ ያስመዘገበው የሱዳን ቁጥር ዛሬ ላይሠራለት ይችላል። ቁጥሩ ጠፋ ተብሎ እሱም ይጥፋ?

አራተኛ፣ በቤተሰብ ላይ። በደብተራችን ብዙ እናቶች የተጻፉት በሟች ባላቸው ስም ሥር ነው። ጸሐፊው ያውቃቸዋል፤ ደብተሩ ጠርዝ ላይም በእርሳስ ምልክት አድርጎላቸዋል። ከደብተሩ ስም ብቻ እየለቀመ የሚያስገባ ልጅ ግን «ሟች» የሚለውን አይቶ መሥመሩን ያልፈዋል። ከባልየው ጋር ሚስቲቱንም ቀበራት ማለት ነው። የእርሳሱን ምልክት የሚያነብ ሰው ከጎኑ ካልተቀመጠ ይህ መሆኑ አይቀርም።

አምስተኛ፣ በኔትወርክ ላይ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደ ቆየ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በእነዚያ ወራት ሰው አልሞተም? ሞቷል። እድሩስ አልቀበረም? ቀብሯል፤ በጥሩምባና በደብተር። መዝገቡ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ሌላም ወገን አለ። «አሁን ፋይዳ መጥቷል፤ በፋይዳ ቁጥር ብቻ እንመዝግብ፣ የሌለው ይቅር» ይላል። ፋይዳን አናጥላላም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ነው፤ ምዝገባው በነፃ ነው፤ ባንኮችም አዲስ ደብተር ለሚከፍት ደንበኛ እየጠየቁት ነው። ያልተመዘገበ ሁሉ ሄዶ እንዲመዘገብ እንመክራለን። ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር በቦታው ይሁን። የፋይዳ አሥራ ሁለት አኃዝ፣ ከአሥር ጣት አሻራ፣ ከዓይንና ከፊት ምስል ጋር፣ አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ ይናገራል። ስንት ወር መዋጮ እንደ ከፈለ፣ የአማቱ ቀብር በእድሩ ይሸፈን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ፋይዳ ለፈለገ አባል መለያ ሊሆን ይችላል፤ የአባልነት መግቢያ በር ግን ሊሆን አይችልም።

ትልቅ ሽግግር እንዴት እንደሚሠራ አገራችን አታውቅም አይባልም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በጣት አሻራ ይፈርም የነበረው ሕዝብ ወደ ፊደል እንዲሻገር ተደረገ። የዘመኑን መንግሥት ማንም እንደ ፈለገ ይፍረደው፤ ሥራው የተሠራበት መንገድ ግን ትምህርት አለው። «ፊደሉ ከተማ ተቀምጧል፣ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ» አልተባለም። አስተማሪው ወደ ገበሬው ሄደ፤ ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድም ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጠ። መሻገር ያለበት ሰው ነው እንጂ ፊደሉማ ድሮም ነበረ። ዛሬም ፕሮግራሙ አለ። የሚጎድለው በየቤቱ እየዞረ «እትዬ፣ ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት? ከእርስዎ ጋር ማን ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ነው። ይኸውላችሁ ለቸኮሉት ልጆቻችን የሚሆን ሥራ! ጉልበታቸውን ደብተር በማቃጠል ሳይሆን በዚህ ያሳዩን።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. አሮጌው ደብተር ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አንድ ሙሉ ዓመት ይሥራ። ከዚያ በኋላም ይቆለፍበት እንጂ አይቃጠል።

2ኛ. ወደ አዲሱ የገባው የስም ዝርዝር በወር ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ስሙ ያልተጠራ እጁን ያውጣ፤ ላልመጣ ጎረቤቱ ይናገርለት።

3ኛ. እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን መሥመር አይቶ ይፈርም፤ መፈረም የማይችል ጣቱን ያሳርፍ።

4ኛ. ምዝገባው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አይሁን። በጥቅምት ግማሹ ሰፈር እርሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ምዝገባ የቀሩትን ብቻ የሚያውቅ ነው።

5ኛ. ስልክ የሌለው አባል በቅርብ ጎረቤቱ ምስክርነት ይመዝገብ፤ መብቱም እኩል ይሁን።

6ኛ. የፕሮግራሙ የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ሰው ይታመማል፣ አገር ይለቃል፣ ይጣላል። ሦስት የተመረጡ ሰዎች ይያዙት።

7ኛ. በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ ከደብተሩ ጋር በሣጥኑ ይቀመጥ።

«ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ነው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ድካም ነው። ግን የማን ድካም ነው የሚሻለው? የእኛ የጥቂት ወራት ድካም ወይስ በኀዘን ቀን በር ላይ ቆማ «እኔ አባል ነኝ» እያለች ማስረጃ የምትፈልግ እናት ድካም?

በመጨረሻም ይህችን እንጨምር። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከዚሁ ከሽንፋ ወንዛችን ዳር ስላገኙት ነገር ለዓለም አሳውቀው ነበር። ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ ድርቅ በጠናበት ዘመን፣ እዚህ የኖሩ ሰዎች ወንዙ በጋ ሲቆራረጥ በሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ እንደ ኖሩ፣ የአንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ እንደ ነበር ይናገራሉ። እንግዲህ መሻገር በዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በጋ ላይ ከብት የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚቀጥለው ኩሬ ውኃ መያዙን ሳያይ ያለውን የሚደፍን እረኛ የለም። ጥጃዋን ወደ ኋላ ትቶ «መንጋው ተሻግሯል» የሚልም የለም።

መዝገባችን ይሻገር። የመጨረሻዋ እናት ስም ተነቦ «አለሁ» እስክትል ድረስ ግን ሽግግሩ አለቀ አንልም። በስብሰባው ላይ ሁላችሁም እንድትገኙ፣ ደጋፊም ተቃዋሚም ሐሳቡን ፊት ለፊት እንዲናገር በጥብቅ እናሳስባለን።