ለጤናችን፦ ቃሩ የሚነሳበትን ሰዓት እንጻፍ

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ ቃር ነው። ቃር ይዞት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ደረት ውስጥ ያቃጥላል። ኮምጣጣ ውሃ እስከ ጉሮሮ ይመጣል። ሆድ ይነፋል፤ ያስገሳል። «ልቤን አቃጠለኝ» እንላለን። «የበላሁት አልፈጭ አለኝ» እንላለን። አንድ ቀን መጥቶ ቢሄድ የሚያሳስብ አይደለም። በየሳምንቱ እየተመላለሰ እንቅልፍ ሲነሳና ከሥራ ሲያስተጓጉል ግን ዝም ሊባል አይገባም።

ብዙዎቻችን ይህን ሕመም «ጨጓራ አለብኝ» ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን ጨጓራ የሌለው ሰው የለም። ጨጓራ የአካል ክፍል ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ቃር አንድ ነገር ነው። የጨጓራ ቁስለት ሌላ ነገር ነው። ሕክምናቸውም ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደያዘን እንወቅ።

ቃር ከየት ይመጣል?

የምንውጠው ምግብ በቧንቧ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ ምግቡን ለመፍጨት አሲድ የሚባል ፈሳሽ ያመነጫል። አሲድ እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ከሎሚም ይበረታል። ጨጓራ ከውስጥ በኩል የሚከላከልለት ሽፋን አለው። ስለዚህ አሲዱ አያቃጥለውም። የምግብ ቧንቧው ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም።

በቧንቧውና በጨጓራው መገናኛ ላይ አንድ መዝጊያ አለ። መዝጊያው ጡንቻ ነው። ምግብ ሲመጣ ይከፈታል፤ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህ ነገር ይገባዋል። የቦዩ መዝጊያ ሲላላ ወይም ውሃው ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ውሃው ወዳልተፈለገበት ይሄዳል። አሲዱም እንደዚሁ ነው። መዝጊያው ሲላላ፣ ጨጓራው ሲጨናነቅ ወይም ሆድ ጠብቆ ሲታሰር ወደ ላይ ይመለሳል። ያን ጊዜ ደረታችንን ያቃጥለናል። ቃር ማለት ይህ ነው።

አንድ የገበያ ቀን

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ከደንገጎ በኩል አትክልት ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ቀፊራ ገበያ ወረደ እንበል። የተነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቁርስ አልበላም። በባዶ ሆዱ ቡና ጠጣ። ረፋዱ ላይ ራሱን አመመው። ከሱቅ ክኒን ገዝቶ ዋጠ። ቀትር ላይ ዕቃውን ሸጦ ጨረሰ። ርቦታልና ሚጥሚጣ የበዛበት ፉል በላ። ሳምቡሳም ጨመረ። በላዩ ላይ ለስላሳ ጠጣ። የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ጋደም አለ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀመጠ። ጫቱ ረሀቡን ስላጠፋለት እስከ ማታ 4 ሰዓት እህል አልቀመሰም። ያን ጊዜ ጠግቦ በላና ወዲያው ተኛ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቃሩ ቀሰቀሰው።

ጠዋት «ምን ነካህ?» ሲሉት «ሚጥሚጣው ነው» አለ።

ኧረ ሚጥሚጣው ብቻ ነው እንዴ? እንቁጠረው። በባዶ ሆድ ቡና ጠጣ። ባዶ ሆድ ላይ ክኒን ዋጠ። ርቦት ውሎ ባንድ ጊዜ ብዙ በላ። ቅባት በላ። በልቶ ወዲያው ተጋደመ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ጫቱም ቢሆን አለበት። ጫት ምግብ በጨጓራ ውስጥ እንዲዘገይ ያደርጋል፤ የራትንም ሰዓት ያስረሳል። ይህ ሁሉ እያለ በሚጥሚጣው ብቻ እናሳብባለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

በደብተራችን እንጻፈው

ቃር ለሁሉም ሰው በአንድ ምክንያት አይነሳም። አንዱን በርበሬ ያቃጥለዋል። ሌላው በርበሬ በልቶ ምንም አይሆንም፤ ቡና ግን አይስማማውም። ታዲያ የራሳችንን ምክንያት በምን እናውቃለን? ጽፈን በመያዝ ነው። ሐኪም ስንሄድም መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። «መቼ ጀመረህ? ስትበላ ነው ወይስ ሲርብህ?» ይለናል። በቃል ሲጠየቅ ብዙ ነገር ይረሳል። የተጻፈ ግን አይረሳም።

አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ለ7 ቀን በየማታው አምስት ነገር እንጻፍ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ሰኞ።
የበላሁት፦ ሽሮ፣ ማታ 3 ሰዓት።
የጠጣሁት፦ ቡና ሦስት ስኒ።
የዋጥኩት መድኃኒት፦ የለም።
የተኛሁት፦ ማታ 3 ሰዓት ተኩል።
ቃሩ የተነሳው፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት።

በሳምንቱ መጨረሻ ገጹን መልሰን እናንብበው። ቃር በተነሳባቸው ቀኖች ሁሉ የሚደጋገመው ምንድን ነው? ሰዓቱ ነው? ቡናው ነው? መኝታው ነው? የሚደጋገመውን ካገኘን በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ብቻ እንለውጥ። አሁንም እየጻፍን እንይ። ሁሉን ነገር ባንድ ጊዜ የተው ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ምን ብናደርግ ይሻለናል?

አንደኛ፣ በልተን ወዲያው አንተኛ። ከራት በኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት እንቆይ። የቀትር እረፍት በሙቀት አገር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ከምሳ በኋላ በቁመታችን ከምንዘረጋ፣ ግድግዳ ተደግፈን ብንቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የአልጋችንን ራስጌ ከፍ እናድርግ። በራስጌ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር እንጨት ወይም ድንጋይ እናስገባ። ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አልጋው እንዳይንሸራተት እናረጋግጥ። ትራስ መደራረብ ግን አይረዳም። አንገትን ያጎብጣል፤ ሆድንም ያጥፋል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ጥቂት እየበላን ጊዜውን እንከፋፍል። ማለዳ ወደ ገበያም ሆነ ወደ እርሻ ስንሄድ ቂጣ ወይም በሶ እንያዝ።

አራተኛ፣ መቀነትንና ቀበቶን እናላላ። ሽርጥም ቢሆን ሆድ ላይ ጠብቆ አይታሰር። ሆድ ሲጠብቅ አሲዱ ወደ ላይ ይገፋል። የሰውነት ውፍረትም ሆድን ያጨናንቃል። ክብደት የጨመረ ሰው ጥቂት ቢቀንስ ቃሩ ይቀልለታል።

አምስተኛ፣ ሲጋራና መጠጥ መዝጊያውን ያላላሉ። ከጫት በኋላ «ለጨብሲ» ተብሎ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ በባዶ ሆድ ስለሚገባ ጉዳቱ ይብሳል።

ጾም ሲሆንስ? በረመዳን ጊዜ በተምርና በውሃ ወይም በሾርባ እናፍጥር። ጥቂት ቆይተን ዋናውን ምግብ እንብላ። በዘይት የተጠበሰውን እንቀንስ። ሱሁር በልተንም ወዲያው አንተኛ። በክርስትና ጾምም ባዶ ሆድ ላይ ቡና ማብዛት ደግ አይደለም። ሕመሙ የጸናበት ሰው ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ያማክር።

ነፍሰ ጡር እናቶች በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ቃር ይበዛባቸዋል። ጽንሱ ሲያድግ ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሲወልዱ ይተዋቸዋል። እስከዚያው መድኃኒት በራሳቸው አይጀምሩ። የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

የቤት መድኃኒትስ?

ወተት ስንጠጣ ለጊዜው ይበርድልናል። ቆይቶ ግን ጨጓራ አሲድ እንዲጨምር ሊያደርግ ይችላል። ተልባ ብዙ ሰው ይጠጣል። የተስማማው ሰው ቢጠጣ አይከለከልም። ሆኖም ከሌላ መድኃኒት ጋር ባንድ ሰዓት አይጠጣ፤ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላልና። ፌጦ ግን ራሱ የሚያቃጥል ነው። ቃር የያዘው ሰው ቢተወው ይሻላል። አምቦ ውሃና ለስላሳ ሲያስገሱ ያቀለሉን ይመስለናል። ጋዙ ግን ሆድን ይነፋል፤ ከግሳቱም ጋር አሲድ ይወጣል። ለዳቦ የሚሆነውን ሶዳ በውሃ በጥብጦ የሚጠጣም አለ። በውስጡ እንደ ጨው ያለ ነገር ስላለበት ደም ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም።

ክኒን ስንገዛ እናንብብ

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳሉ። ነገር ግን የጨጓራን ሽፋን ይጎዳሉ። አዘውትሮ የሚወስዳቸው ሰው ጨጓራው ሊቆስልና ሊደማ ይችላል። ጨጓራውን የሚያመው ሰው ለራስ ምታት ክኒን ሲገዛ ስሙን ያንብብ። የክኒኑ ስም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ መድኃኒት ቤቱን ይጠይቅ። ለጨጓራ ፓራሲታሞል ይሻላል። ሐኪም ለልብ ሕመም አስፕሪን ያዘዘለት ሰው ግን በራሱ አያቁም፤ ሐኪሙን ያማክር።

ለቃር የሚታዘዙት መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በጨጓራ ያለውን አሲድ ቶሎ ያበርዳል። ይህ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ ነው። ሌላው አሲድ እንዳይበዛ ያደርጋል። ከነዚህ አንዱ ኦሜፕራዞል ነው። ኦሜፕራዞል የሚዋጠው ከቁርስ በፊት፣ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ተብሎ ነው። ከምግብ በኋላ ከተዋጠ ኃይሉ ይቀንሳል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ ሰዓቱን የሳቱ አሉ። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስንሄድ «በማሸጊያው ላይ በአማርኛ ጻፉልኝ» እንበል። ስንት ጊዜ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ለስንት ቀን? ይህን አስጽፈን፣ እዚያው ቆመን አንብበን እንውጣ። የማለፊያ ጊዜውንም እንይ።

ቁስለት ሲሆን

ድሮ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከምግብ ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ተሐዋሲ አገኙ። ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። በሐኪም ቤት «ኤች ፓይሎሪ» ሲባል የምንሰማው እሱን ነው። ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ተሐዋሲውን ራሱ ጠጣው። በጥቂት ቀን ውስጥ ጨጓራው ታመመ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ተሐዋሲ በአገራችን በብዙ ሰው ዘንድ ይገኛል። ቃርን የሚያመጣው ግን እሱ አይደለም፤ የሚያመጣው የጨጓራን መቆጣትና ቁስለትን ነው። ሲመረመር ይታወቃል፤ በመድኃኒትም ይጠፋል። መድኃኒቱ ብዙ ዓይነት ክኒን አለው። ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። በ5ኛው ቀን ሲሻለን ብናቆም ተሐዋሲው ይለምደዋል። ያን ጊዜ ሌላ ጊዜ በዚያው መድኃኒት አይድንም። የተረፈውንም ክኒን ለጎረቤት አንስጥ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካየን ደብተሩ እስኪሞላ አንጠብቅ፦

ምግብ ሲዋጥ ከተሰናከለ ወይም ካመመ፤
ሳንፈልግ ከከሳን፤
ማስመለሱ ካላቆመ፤
የአተላ ቡና የመሰለ ነገር ወይም ደም ካስመለሰን፤
ሰገራችን እንደ ሬንጅ ከጠቆረ።

ደም ማስመለስና ጥቁር ሰገራ ጨጓራ እየደማ መሆኑን ሊያሳዩ ይችላሉ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም እንሂድ። ደረትን ጨምቆ ይዞ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ የሚያልብና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ደግሞ ቃር ላይሆን ይችላል። የልብ ሕመም ሊሆን ይችላልና ለዚህም አንዘግይ።

ሌላው ሰው በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር። ጤና ጣቢያው ካስፈለገው በድሬዳዋ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይልከዋል። ሲሄድ ደብተሩን አይርሳ። የሚወስዳቸውንም ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይያዝ።

እስቲ እንወያይ

1. ገበሬው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቃር ያስነሳበት ምንድን ነው? ከተቆጠሩት ሁለቱን ለጎረቤታችን እንንገር።
2. የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ ለምን ይጠቅማል?
3. በቤታችን ያለውን የራስ ምታት ክኒን አውጥተን ስሙን እናንብብ። ለጨጓራ ጎጂ ከተባሉት ውስጥ ነውን?
4. ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት በደብተራችን ላይ አምስቱን መስመር እንጻፍ።